በጸደይ ወራት የመንዝ ጓሳን ወፎች ለማየትና ጥብቅ ስፍራውን ለመደገፍ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር፣ አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦና የጅብራ አገር ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በጸደይ ወራት ወደዚያ ወጥቶ ወፎችን በአግባቡ ለማየት ለሚፈልግና፣ ቢሄድም ባይሄድም ለስፍራው ጥበቃ የበኩሉን ለማድረግ ለሚያስብ ሰው ነው። ሁለቱን ጉዳዮች ለያይቼ አላቀርባቸውም። ጓሳ ላይ ወፍ የሚታየው ሣሩ ስላለ ነው፤ ሣሩም እስከ ዛሬ የቆየው የመንዝ ሰዎች በየዘመናቸው እጃቸውን ስለሰበሰቡለት ነው።

እጅ መሰብሰብ ስል በዘፈቀደ የተደረገ ነገር ማለቴ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቆየው የቄሮ ሥርዓት መሠረት፣ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች ጓሳን በየድርሻቸው ተከፋፍለው በመረጧቸው አለቆች ያስጠብቁት ነበር። ሣሩ በደንብ እስኪያድግ ድረስ ስፍራው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ይዘጋ ነበር፤ ከብት አይሰማራበትም፣ ማጭድም አይገባበትም። የሚከፈትበት ጊዜ ሲወሰን በሕዝብ መካከል ይነገራል፤ በበጋው ማብቂያ፣ መኖ በጠፋበት ወቅት ሁሉም የድርሻውን ያገኛል። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳም ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን በርስት ላይ የቆመው ቄሮ አብሮ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሣሩም፣ አስታውም፣ ወፉም ብዙ ተጎዱ። የኋላ ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ አደራጅቶ እንደገና በእጁ አስገባው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚህ ሥራው ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። ወደ ጓሳ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያንስ በዚህ ልክ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ሲደርስ የሚጠየቀው ጥንቃቄ የመጣው ከቢሮ ደንብ ሳይሆን ከአባቶች ክልከላ ነው።

የትኛው ጸደይ?

ብዙ ሰው የመስከረምን አደይ አበባ እያየ ያን ወቅት ጸደይ ይለዋል። በቆየው የዘመን አቆጣጠራችን ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። እኔም የምጽፈው ስለዚህኛው ነው። መስከረምና ጥቅምት ለዓይን እጅግ ያማሩ ቢሆኑም፣ ወፍ ለማየት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ምክንያቶቼም እነሆ።

በመንዝ በልግ ትልቅ ነገር ነው። ገብሱ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ሲጥል በበጋው የደረቀው ሣር ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ረግረጉ ይሞላል፣ ትላትሉና ነፍሳቱ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ የአገሬው ወፎች ብዙዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዘምራሉ፣ ይጣላሉ፣ ጎጆ ይሠራሉ። በአንጻሩ ያገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት እንግዶች ወደ ሰሜን ለመመለስ የሚነሡት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት የሚወጣ ሰው ሄያጁንና ነዋሪውን በአንድ ሜዳ ላይ ያገኛል። ከሰኔ ማብቂያ በኋላ ጉሙና ዝናቡ ስለሚበረታ መንገዱም እይታውም ይከብዳል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ይህ ወቅት ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል፤ ጾመኛ ላልሆነ ሰው በመንገድ ዳር ከተሞች የፍስክ ምግብ ማግኘት ይቸግረዋልና ስንቁን አስቦ ይያዝ። ሽሮና የገብስ ቆሎ ግን የትም አይጠፋም።

ከመነሣትዎ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ሰውነትን ከከፍታው ጋር ያለማምዳል፤ በማግስቱ ጓሳ ላይ ሲወጡ ራስ ምታቱ ይቀንሳል። ከዚያ በደሴ መንገድ እስከ ጣርማ በር ይሄዱና ወደ ግራ ተገንጥለው በመዘዞና በሞላሌ በኩል የመሀል ሜዳን መንገድ ይይዛሉ። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ አካባቢው ጸጥታ ከዚያው ካለ ሰው ይጠይቁ፤ ከወራት በፊት የሰሙትን ወሬ አይመኑ። መልሱ «ቆይ» ከሆነ ይቆዩ። ወፎቹ በሚመጣውም ዓመት አሉ፤ በዚህ መሀል ከቤት ሆኖ ማገዝ የሚቻልበትን መንገድ ከታች አስፍሬያለሁ።

ልብስ በተመለከተ የመንዝ ብርድ በቃል የሚነገር አይደለም። ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ስላለብዎ ከመንገደኛ የበለጠ መልበስ ይኖርብዎታል፤ ከውስጥ ሙቀት የሚይዝ ልብስ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የጆሮ መሸፈኛ ያለው ኮፍያ፣ ጓንት። ጋቢ ለማታ መልካም ነው፤ ለወፍ ግን ነጭነቱ ከሩቅ ይታያልና ጠዋት ማረፊያው ላይ ይተዉት። ቡኒ፣ አረንጓዴና ግራጫ ከጓሳው ቀለም ጋር ይስማማሉ። በበልግ ሜዳው ውኃ ስለሚቋጥር ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ከቀኑ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ፊትን ስለሚልጥ ባርኔጣና የቆዳ ቅባት አይርሱ።

መነጽር፣ ማለትም ባይናኩላር፣ ሲገዙ ወይም ሲዋሱ በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። 8 በ42 የሚል ከሆነ ነገሩን ስምንት ጊዜ ያጎላል፣ የፊቱ መስተዋትም 42 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው፤ ለጓሳ ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው። የበለጠ የሚያጎላ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ላይ የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል። አጠቃቀሙን ከቤት ሳይወጡ ይለማመዱ። ወፉን በባዶ ዓይን ያግኙ፣ ዓይንዎን ከእርሱ ላይ ሳያነሡ መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡ። ጀማሪዎች ወፉ የሚጠፋባቸው መነጽሩን ለማየት ጎንበስ ስለሚሉ ነው። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግዎ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ በካፊያ ውስጥ አይጽፍም።

በሜዳው ላይ

ጎሕ ሲቀድ ይነሡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቁ ገደል ጉም ይነሣና ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ጉሙ ከተገለጠ ከ10 ሰዓት እስከ መሸ ድረስ እንደገና መልካም ጊዜ ነው።

ብዙ ቦታ ለማዳረስ አይሞክሩ። አንድ ጅረት ወይም አንድ ረግረግ መርጠው፣ ነፋሱን ከኋላ አድርገው፣ ከሰማይ ጋር ጥላዎ በማይታይበት ተዳፋት ላይ ይቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ባዶ ይመስላሉ። ከዚያ ሜዳው እርስዎን ይረሳና ወደ ሥራው ይመለሳል።

በዚህ ዓይነት ተቀምጬ ካየኋቸው ሁሉ ልቤን የሚይዘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም ማለት ይቻላል። ቀለሙ ግራጫና ቡኒ፣ ላባው ለብርዱ የሚሆን ወፍራም ነው። ክንፉ ላይ ያለው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ በደንብ የሚታየው ሲበር ነው። በጸደይ ጥንድ ጥንድ ሆነው በጅረት ዳር ሣር ሲግጡ ያገኟቸዋል። አንድ ጠዋት፣ የበልጉ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ባደረበት ቀን፣ አንድ ጥንድ ከእኔ 30 እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ እየጋጡ መጡ። ወንዱ ቀና አለና አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን በጀርባው ላይ አሳርፎ ይራመድ ጀመር፤ ጭነት የተሸከመ ሰው ወገቡን እንደሚያሳርፍ ዓይነት። ይህ አረማመድ የዚህ ዝይ ልዩ ምልክት ነው፤ ከሩቅ ሆኖ በቀለም መለየት ለተቸገረ ሰው ይህን ማየት ብቻ ይበቃዋል። እስትንፋሴን ይዤ ስጠብቅ፣ ሴቲቱ ሣሩን ከሥሩ ስትነጭ የሚወጣው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ በግ ሲግጥ እንደሚሰማው ያለ፣ ግን ቀጠን ያለ።

በዚያው ጅረት ዳር፣ ከዝይዎቹ አጠገብ፣ ዶሮ የሚያህል የዛገ ብረት ቀለም ያለው ወፍ ከአንዱ እግር ጓሳ ወደ ሌላው ሲሮጥ ካዩ ሩጌትስ ሬይል ይባላል። የዚህ ወገን የሆኑ ወፎች በሌላው ዓለም በሸምበቆ ውስጥ ተሸሽገው ይኖራሉ፤ ይህኛው ግን ሰው ካላስደነገጠው በግልጽ ሜዳ ይወጣል። በየእርምጃው ጭራውን ብድግ ሲያደርግ ከሥሩ ያለው ንጹሕ ነጭ ብልጭ ይላል። ውኃው ሳይደርቅ፣ ሣሩ ሳይታጨድ የቆየ ጅረት ከሌለ ይህ ወፍ አይኖርም፤ ስለዚህ ስለ ጥበቃው ሁኔታ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ በአንዱ ጅረት ላይ ስንት ሬይል እንዳለ ቢቆጥር ብዙ ይረዳል።

ጋጋኖን መፈለግ አያስፈልግም፤ እርሱ ራሱ ይጠራዎታል። በገደል ላይ አድሮ ጎሕ ሲቀድ በመንጋ እየጮኸ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ድምፁም ረጅም፣ የሚንኳኳ ሳቅ ይመስላል። ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን በርጥብ አፈር ውስጥ እየሰደደ ትል ያወጣል፤ ከጉሮሮው ሥር የምትንጠለጠለውን ትንሽ ሥጋ በመነጽር ይመልከቱ። የጋጋኖ መንጋ በበልግ በአዲስ እርሻ ላይም ስለሚወርድ ከመኪና መስኮት እንኳ ይታያል።

ረግረጋማው ሜዳ ላይ ደረቱ ጠቃጠቆ ያለበት፣ በእግሩ ረዘም ያለ፣ ከሰው ፊት እየበረረ የሚጮኽ ወፍ አለ። ይህም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ከራስዎ በላይ እየዞረ መጮኹን ካላቆመ ከእንቁላሉ ወይም ከጫጩቱ አጠገብ ቆመዋል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ጥሩ ፎቶ ላገኝ ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል በዚያ ቆሜያለሁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብርዱ ያገኘው እንቁላል ምን እንደሆነ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። እንዲህ ሲያጋጥም በመጡበት መንገድ ወዲያው መመለስ ነው፤ በጎን በኩል ለማለፍ መሞከር ሌላ ጎጆ ላይ ሊያወጣ ይችላል። ጎጆው በባዶ መሬት ላይ ስለሆነ እግርም ሳያይ ሊረግጠው ይችላል።

በጉብታ ወይም በሣር ጫፍ ላይ ቆሞ የሚዘምር፣ ጉሮሮው ደማቅ ቢጫ፣ በቢጫው ዙሪያ ጥቁር ማተብ የታሰረበት የሚመስል ወፍ ሲያዩ የሐበሻ ሎንግክሎ ነው። እርሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። የመንዝ ቁራ ደግሞ ለአገሬው ሰው ተራ ነገር ቢመስልም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ይህ ወፍራም ምንቃር ቁራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ አካባቢ ውጭ አይገኝምና፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ተመልካቾች ለእርሱም ብለው ይደክማሉ።

ወደ ገደሉ አፋፍ ለመሄድ ፀሐይ እስኪሞቅ ይጠብቁ። ከ3 ሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሣው ሞቃት አየር ንስሮችንና ጥንብ አንሳዎችን ወደ ላይ ስለሚያነሣ ከዓይንዎ ትይዩ፣ አንዳንዴም ከእግርዎ በታች ሲበሩ ይታያሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ጢም ያለው አጥንት በሊታው ነው፤ ክንፉ ረጅምና ሹል፣ ጭራው እንደ ጦር ጫፍ ነው። ሥጋው ያለቀበትን አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። በገደሉ ጫፍ ባለው ሣርና ቋጥኝ መካከል ደግሞ አንኮበር ሴሪን የተባለችውን ትንሽ ወፍ ይፈልጉ። ቡናማ፣ መስመር መስመር ያላት፣ ለዓይን የማትጎላ ናት፤ ነገር ግን ሳይንስ የመዘገባት በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ ስሟም ያገሯ ስም ነው። ብዙውን ጊዜ በጥቂት መንጋ ሆነው መሬት ላይ ፍሬ ይለቅማሉ። ለእርሷ አንድ ሙሉ ጠዋት መስጠት ያስፈልጋል። ጠርዙ ላይ ሲቆሙ በነፋሱ ምክንያት ከአፋፉ ቢያንስ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይራቁ።

ሄያጆቹን ለማየት ከከብት ኋላ ይሂዱ። ጭራዋን ዘወትር የምታወዛውዝ ቢጫ ወፍ ከከብቶቹ እግር ሥር የሚነሡትን ነፍሳት እየለቀመች ትከተላለች፤ በሚያዝያ ወንዶቹ የጉዞ ልብሳቸውን ለብሰው ቢጫቸው ይደምቃል፣ ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሜዳው ይጠፋሉ። በሣሩ ላይ ዝቅ ብሎ እየተንሳፈፈ አይጥ የሚፈልገው ፈዛዛ ግራጫ ጭልፊት መሰል አዳኝም ከእስያ የመጣ እንግዳ ነው፤ እርሱም በዚሁ ሰሞን ይሄዳል። የጓሳ ሣር አይጥና ፍልፈል ያበዛል፤ በአይጡና በፍልፈሉ ቀይ ቀበሮውም፣ የአገሬው አዳኝ ወፎችም፣ እነዚህ እንግዶችም ይኖራሉ። ሣሩን ማጨድ የከለከሉት አባቶች የቤት ክዳን አስበው ቢሆንም፣ ከሳይቤሪያ አቅጣጫ ለሚመጣ ወፍ ስንቅ አስቀምጠውለታል።

ወፍ ለመጥራት የተቀዳ ድምፅ በስልክ ማጫወት ልማድ እየሆነ መጥቷል። በጸደይ ይህን አያድርጉ። ወፉ ድምፁን ሲሰማ ተቀናቃኝ የመጣ ይመስለዋል፤ ጎጆውን ትቶ ሊዋጋ ይመጣል፣ ለጫጩቶቹ ሊውል የሚገባው ኃይል በከንቱ ያልቃል። መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ስሙን ለመጠቆም ይረዳል፤ ለመስማት ይጠቀሙበት፣ ለመጥራት ግን አይደለም። ለኢትዮጵያ ወፎች ሁልጊዜ ትክክል አይሆንምና ጥቆማውን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ስፍራውን ለመደገፍ

ከሁሉ በፊት የመግቢያውን ክፍያ በጥብቅ ስፍራው ጽሕፈት ቤት ይክፈሉ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ ለጓሳ አልተከፈለም። ከአካባቢው አስጎብኚ ይያዙ። መንገዱን ቢያውቁት እንኳ ይያዙ፤ ከብት እየጠበቀ ያደገ የመንዝ ወጣት የዝይ ጎጆ የት እንደሚገኝ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያውቃል፣ በዚህ እውቀቱ እንጀራ መብላት ከቻለም ጥበቃው ሥራው ይሆናል። ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ ይደሩ፤ ቅንጦት የለውም፣ ግን ያደሩበት ሂሳብ እዚያው ይቀራል። በመሀል ሜዳ ገበያ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ወይም በርኖስ ካገኙ ይግዙ። ፈትልና ሽመና የሚያስገኘው ገቢ በበዛ ቁጥር በጓሳው ላይ የሚሰማራው ማጭድ ይቀንሳል።

ማገዶ ከስፍራው አይልቀሙ፤ አያስለቅሙ። አስታ በዚያ ብርድ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ለሻይ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዘው ይሂዱ። ውሻ ይዘው አይሂዱ፤ የውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ነው፣ ውሻም መሬት ላይ የተጣለ እንቁላል አያልፍም። መኪና ከመንገድ አይውጣ። አንድ ጊዜ ጎብኚዎችን የጫነ መኪና ለፎቶ እንዲመች ብሎ ርጥብ ሜዳው ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ በዓመቱ ስመለስ የጎማው ዱካ ውኃ ቋጥሮ፣ ሣሩ ሳይመለስበት እንደነበረ አገኘሁት። ለሕፃናት ከረሜላና ሳንቲም መስጠትም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ወደ መንገድ ዳር ያወጣቸዋል፤ መስጠት ከፈለጉ ደብተርና እርሳስ ገዝተው በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ያስረክቡ።

ያዩትን መመዝገብ ከገንዘብ ያልተናነሰ ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድ የተባለው ዓለም አቀፍ የወፍ መዝገብ ማንኛውም ሰው በነጻ የሚጽፍበት ነው። ቀኑን፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት፣ የተጓዙትን ርቀት፣ የእያንዳንዱን ዓይነት ቁጥር ያስፍሩ። የማያውቁትን ወፍ በግምት አይጻፉ። «አንድም አላየሁም» የሚለውም ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ባለፈው ዓመት ስድስት ሬይል ከታየበት ጅረት ዘንድሮ አንድም ከጠፋ፣ ያንን የሚያሳየው የአንድ ተመልካች ደብተር ሊሆን ይችላል። የጎጆ ትክክለኛ ቦታ ግን በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጠፍ።

ከሩቅ ላሉት፣ በተለይ መንዝ ተወልደው አዲስ አበባና ውጭ አገር ለሚኖሩት፣ የሚቻል ነገር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባላትን ይቀበላል፤ አባል መሆን ስለ አገራችን ወፎች የሚደረገውን ሥራ ሁሉ ያግዛል። የተጠቀሙበት ግን ደኅና የሆነ ባይናኩላር በየቤቱ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል፤ አምስትና ስድስት ሰዎች ሰብስበው ለጓሳ ጠባቂዎች ወይም በዙሪያው ላሉ ትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባት ቢልኩት ለዓመታት ያገለግላል። ከመላክዎ በፊት ግን ደውለው የሚያስፈልጋቸውን ይጠይቁ። ምናልባት ከባይናኩላር በፊት የሚቸግራቸው የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ ይሆናል፤ በበልግ ሌሊት ጓሳን የሚጠብቅ ሰው እግሩ ርጥብ ነውና።

ከጓሳ ሲወጡ የደብተርዎን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ዋናውን ወይም ግልባጩን በጽሕፈት ቤቱ ይተዉ። ገጹ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የጅረቱን ስም የአካባቢው ሰው በሚጠራው አጠራር፣ የዝይዎቹን ቁጥር በጥንድ ይጻፉ። በሚመጣው ሚያዝያ በዚያው ጅረት ዳር የሚቀመጥ ሰው ገጹን አንብቦ ከየት መቁጠር እንደሚጀምር ያውቃል።